የመጀመሪያዋ ድንቢጥ ዓይን አልነበራትም

እንጨት ላይ ቀርጾ ወፍ ማተም ቀላል መስሎኝ ነበር። ድንቢጥ ምን አላት? ሞላላ ገላ፣ አጭር ምንቃር፣ በቃ። የጃፓናዊውን ሠዓሊ የኦሃራ ኮሶንን (እ.ኤ.አ. 1877–1945) የወፍ የእንጨት ህትመቶች ካየሁ በኋላ ነው የደፈርኩት። ጃፓኖች የአበባና የወፍ ሥዕልን ካቾ-ኤ ይሉታል።

የድሮዎቹ የጃፓን ቀራጮች ይቀርጹ የነበረው የተራራ ቼሪ እንጨት ላይ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን መስመር ይይዛል። እኔ ለጀማሪ የሚሆን ለስላሳ ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ንድፌን በስስ ወረቀት ሠርቼ፣ ደፍቼ እንጨቱ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ መስመሩን እያስቀሩ ዙሪያውን መጥረብ ነው። ሁለት ምሽት ለፋሁ። ዓይኗ ጋ ስደርስ ቢላው ሸርተት አለና የምስር ክክ የማታህል ቁራጭ ተፈናጥራ ሄደች። ድንቢጧ ታወረች።

በሁለተኛው እንጨት ከዓይኗ ጀመርኩ፤ እጄ ሳይደክም፣ ቢላው እንደተሳለ። ቢላውንም ዘንበል አድርጌ ነው የቆረጥኩት፤ መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ሲል በቀላሉ አይሰበርም።

ዓይኗ ተረፈ፤ ላባዋ ግን ጉድ አደረገኝ። አንድ በአንድ ቀርጬው ስታተም ጃርት ሆና ቁጭ! አብዛኛውን ጠርቤ አነሳሁት። የጃፓን ድንቢጥ ነጭ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። እሷን ነጥብ ካገኘሁ በኋላ ሌላው ብዙም አላስጨነቀኝም።

ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ እንጨት አለው። ወረቀቱ በየጊዜው እኩል እንዲያርፍ እንጨቶቹ ላይ ኬንቶ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይቀረጻሉ። ኬንቶውን በጥንቃቄ ቀርጬ ሳበቃ ቡናማው ቀለም ከምንቃሯ ውጭ ፈሰሰ። ለካ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። እርጥብ ሆኖ ነው የሚታተመው፤ እኔ ሻይ ልጠጣ ስሄድ ደርቆ ተኮማትሯል። አሁን በረጠበ ጋዜጣ መሀል አቆየዋለሁ።

ሆዷንና ቅርንጫፉ ላይ ያለውን በረዶ ቀለም አላስነካኋቸውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ለሆዷ ላባ ካራዙሪን ሞከርኩ፤ ያለ ቀለም ወረቀቱን የተቀረጸው እንጨት ላይ አጥብቆ መጫን ነው። ቅርጹ ወረቀቱ ላይ አበጥ ብሎ ይቀራል።

ከ12 ወረቀት 3 ተረፉ። አንዱን ለጓደኛዬ አሳየሁት።

«ሆዷን ረሳኸው እንዴ?» አለኝ።

ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ወረቀቱን አዘነበልኩለት።