963.056 ወይስ 963.06? ከሼልፍ ሥራ የያዝኩት

ሰፈራችን ካለው ላይብረሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ መጽሐፍ እደረድራለሁ። ድሮ መጽሐፍ ስፈልግ በቀጥታ ላይብረሪያኗን ነበር የማስቸግረው። አሁን ሰው እኔን መጠየቅ ጀምሯል። ገና ለምትጀምሩ ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

የምንጠቀመው ዲዊን ነው። ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1876 ያወጣው አከፋፈል ነው። ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ያከፋፍለዋል። 200 ሃይማኖት፣ 500 ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ እያለ ይቀጥላል። ይሄን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሼልፉ ጫፍ ላይ ተለጥፏል። ሰው የሚወዛገበው ከነጥቡ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ዓድዋ 963.043 ላይ ይገኛል። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ 963.056 ነው። ጣሊያን ከወጣ እስከ አብዮቱ ያለው 963.06፣ ከአብዮቱ ወዲህ ያለው 963.07። አሁን ለአንድ ሰው 963.056ን እና 963.06ን ስጡትና ደርድር በሉት። ብዙው ሰው 963.06ን ያስቀድማል። 56 ከ6 ይበልጣላ! ግን ከነጥብ በኋላ ያለው እንደ ሙሉ ቁጥር አይነበብም። አንድ አንድ አሃዝ እያላችሁ አወዳድሩ። መጀመሪያ ዜሮ ከዜሮ፤ እኩል ናቸው። ቀጥሎ 5 ከ6። 5 ያንሳል፣ አለቀ። የቀረውን ማየትም አያስፈልግም። ወረራው ይቀድማል፤ በታሪኩም የቀደመው እሱ ነው።

ይሄ የጠፋ መጽሐፍ ለመፈለግም ይረዳል። ካታሎጉ «አለ» እያለ ቦታው ላይ ያጣችሁትን 963.056 ከ963.07 ወዲያ ፈልጉት። አንስቶ ያነበበ ሰው እንደ ሙሉ ቁጥር ቆጥሮ እዚያ መልሶት ይሆናል። እኔ አሁን «የለም» ከማለቴ በፊት ሁሌም እዚያ አያለሁ።

ሌላው የሚያደናግረው አንድ ጉዳይ ብዙ ቦታ መበተኑ ነው። ቡናን ውሰዱ። እርሻው 633.73 ነው። የቡና ምርት ኢኮኖሚ 338.17373 ሄዶ ይቀመጣል። አፈላሉን የፈለገ 641.877 ድረስ መሄድ አለበት። «የቡና መጽሐፍ የት ነው?» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምመልሰው «ስለ ቡና ምኑን?» ብዬ ነው። ልብ ካላችሁ ግን 338.17373 መጨረሻ ላይ ያለው 373 ከ633.73 የመጣ ነው። ዝም ብሎ የተደረደረ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ይሄ የገባኝ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዲዊ ላይ ቅሬታም አለኝ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን እንዳለ ይዞታል፤ የአሜሪካ ደግሞ 810ን። የአማርኛው 892.87 ላይ ነው የተወሸቀው። 200ዎቹም ያው ናቸው። ሰፊው ቦታ የክርስትና ነው፤ እስልምና 297 ላይ ብቻ ታጭቆ ከነጥብ በኋላ ቁጥሩ ይረዝማል። ሰውዬው በዘመኑና በአገሩ ዓይን አይቶ ነው የከፈለው። ጣጣው የሚመጣው እኛ ጋ ነው። አማርኛ ልብ ወለዱ ሁሉ 892.87 ከሆነ፣ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ምንም አይነግራችሁም። የሚለያቸው ከቁጥሩ ሥር ያለው የደራሲው ስም ነው።

እዚህ ጋ ነው እውነተኛው ፈተና። ሀዲስ ወይስ ሐዲስ? ሁለቱም ይጻፋል። በፊደል ገበታው ሀ አንደኛ፣ ሐ ሦስተኛ ነው፤ መሀል ላይ ለ አለ። ስለዚህ ለማ፣ ልዑል፣ ሌላውም ሁሉ ሁለቱን ሀዲሶች ይለያያቸዋል። ኃይሉ በትክክለኛው ኀ ከተጻፈማ ከተ በኋላ ነው የምታገኙት። አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው። ላይብረሪያኗ «አንድ ድምፅ ያላቸውን እንደ አንድ ፊደል ቁጠሩ» ብለውናል። ፊደል ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌ አንባቢዎች አይወዱትም። እኔ ግን ከላይብረሪያኗ ጋር ነኝ። ፈላጊው ስሙን በጆሮው ነው ይዞት የሚመጣው፤ በየትኛው ሀ እንደተጻፈ አያውቅም።

የእኛ ሰው ስም በአባት አይደረደርም፣ በራሱ ነው። የካታሎግ ደንቡም ይሄንኑ ይቀበላል። ውጭ አገር በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ግን ይለያሉ። አሜሪካ ላይብረሪ ውስጥ ዲናው መንግሥቱን የምትፈልጉ ዲ ላይ አትልፉ፤ በአባቱ ስም ኤም ላይ ነው ያለው። እዚያ የምትኖሩ ይሄን ያዙልኝ።

አሁን የጀመርኩት የአሜሪካውን የኮንግረስ ላይብረሪ አደራደር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ያጋጥማል። እዚያ ፊደል ይቀድማል። የኢትዮጵያ ታሪክ ዲቲ (DT) ብሎ ከ371 ይጀምራል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ 38 ከ371 ይቀድማል። ከሥሩ ፊደል ይዞ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ እንደ ዲዊው በአሃዝ በአሃዝ ይወዳደራል። ሁለቱ ሕግ አንድ ወረቀት ላይ መሆኑ ገና እያለማመደኝ ነው።