ካርታው ላይ የሌለው አቋራጭ

ዛሬ ስለ ወንዝ ዳር አረንጓዴ ልማት ውይይት ላይ ዋልኩ። ካርታው ያምራል። ዛፉም፣ ጎርፍ የሚመጥጠው ረግረግም በደንብ ተስሏል። አንዲት እናት ተነሱና ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው፣ "ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት አቋራጭ በዚህ ነበር፤ የት ገባ?" አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ፕላኑ ለካ ቀድሞ ጸድቋል።

አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ተንታኝ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ተሳትፎን 8 ደረጃ ባለው መሰላል አስረድታለች፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የሕዝቡ የመወሰን ሥልጣን ይጨምራል። ማማከር እንኳን 4ኛው ላይ ነው፤ ገና ከይስሙላ አልወጣም። እኛ እዚያም አልደረስንም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ጥላ የሌለውና ጎርፍ የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ የድሃው ሰፈር ነው። መናፈሻው ሲመጣ ኪራይ ይወደድና ያው ሰው ሊለቅ ይችላል።

ስወጣ እናትየዋ አሁንም ካርታው ፊት ነበሩ። እርሳስ ተቀበሉኝና አቋራጩን ራሳቸው አሰመሩት።