ልጄ ባለጌ አልነበረም፣ እጁ ነበር እምቢ ያለው

ይህን የምጽፈው ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ለቅሶ ይቀርልን ስለነበር ነው። ልጃችሁ ኬጂ ወይም አንደኛ ክፍል ከሆነ፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «አይጽፍም»፣ «አይቀመጥም»፣ «ይረብሻል» የሚል ቀይ እስክሪብቶ ከበዛ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሕፃንነቱን ቶሎ ልለፈው። ባቢ በጊዜው ተወለደ፣ ጡት ጠባ፣ ክትባት አላመለጠውም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ ልጅን መሬት ማስቀመጥ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ዎከር ውስጥ ሆኖ ቴሌቪዥን ፊት አገኘዋለሁ። ዎከሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ቶሎ ይራመድልኛል ብዬ። አልዳኸም። በ17 ወሩ ተራመደ። በየቀጠሮው ክብደቱን መዘኑ፣ መርፌውን ወጉት፣ ወደ ቤት። «በሆዱ ታስተኚዋለሽ ወይ? ይገለበጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት ልጅ ብቻውን የሚራመድበት ጊዜ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ከመቶ 4 የሚሆኑት ጭራሽ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የተራመዱት። ስለዚህ ባቢ አለመዳኹ ብቻውን በሽታ አልነበረም። የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምልክቶች አንድ ላይ አድርጌ አላየኋቸውም።

ሁሉም ዓይኔ ሥር ነበሩ። አራት ዓመት ሞልቶት ደረጃ ሲወርድ በየደረጃው ሁለት እግሩን ያሳርፋል። ቁልፍ አይቆልፍም። ፍርፍር ሲበላ ግማሹ ልብሱ ላይ ነው። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ እሱ ዳር ቆሞ ያያል። እኔ ደግሞ «ጨዋ ነው» እያልኩ እኮራበት ነበር። ነርሰሪ ሳለ፣ ገና በሦስት ዓመት ተኩሉ፣ «ሀ»ን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ የቤት ሥራ ሲሰጡት ጎበዝ ትምህርት ቤት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ አልነበረውም። መኪና ማቆሚያ ግን ነበረው።

ነገሩ የፈነዳው አንደኛ ክፍል ነው። ኅዳር ላይ ተደወለልኝ። «የባቢ እናት፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ።» ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሯ፣ የክፍል ኃላፊዋና የአማርኛ መምህሩ ተደርድረው ጠበቁኝ። ደብተሩን ገለጡልኝ። አንዱ ገጽ በላጲስ ብዛት መሀሉ ተበስቷል። ፊደሎቹ ከመስመር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። የቃል ጽሕፈት ከ10 2።

መምህሩ «ቡና ጻፍ ስለው ቢና ይጽፋል፣ ሉል ስለው ሊል ይጽፋል። ፊደል አልለየም» አለኝ። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። የኛን ፊደል እዩት። በ «ቡ» እና በ «ቢ» መሀል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት። ካዕቡ ላይ ጭረቷ ወገቡ ላይ ትወጣለች፣ ሣልሱ ላይ እግሩ ጫፍ ላይ። እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ጭረቷን ወገቡ ላይ ሊያሳርፍ አስቦ ወደ ታች ትንሸራተትበታለች። አንባቢው «ቢ» ያያል። ልጁ ግን «ቡ» መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። «ባቢ፣ ይህን አንብብልኝ» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት አስተማሪ አልጠየቀም። እኔም እናቱ አልጠየቅኩም።

ዩኒት ሊደሯ ቀጠለች። «ጽሕፈት ሲጀመር ሽንት ቤት ይላል። እየሄደ ልጆች ይነካካል። ከወንበሩ ይወድቃል፣ ሆን ብሎ ነው፣ ልጆች እንዲስቁለት። ቤት ውስጥ ምን ችግር አለ?» ይህችን ጥያቄ የተጠየቃችሁ ታውቋታላችሁ። ትዳራችሁንም አስተዳደጋችሁንም አብራ ትመረምራለች። ከዚያ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ ሁለት ገጽ ግልበጣ (ከመጽሐፍ እያዩ መጻፍ) ይሠራል፣ ከሐኪም ወረቀት ካላመጣሁ ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ አይቀበሉትም። አመስግኜ ወጣሁ። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ወራት መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግልበጣ። አንድ መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል። እኔ ደክሞኝ ገብቻለሁ፣ እራት አልቀረበም፣ እንቅልፉ መጥቷል። አንድ ቀን ላጲሱን ደበቅኩበት። «ላጲስ ከሌለህ ተጠንቅቀህ ትጽፋለህ» አልኩት። ጣቱን በምራቁ እያረሰ በጣቱ ማጥፋት ጀመረ። ወረቀቱ ተቦጨቀ፣ የጣቱ ጫፍ በእርሳስ ጠቆረ። ገጹን ገነጠልኩትና «እንደገና» አልኩት። አላለቀሰም። እርሳሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከተታቸው። ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ወረቀቱን ፍለጋ መንግሥት ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተሰለፍኩ። ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሦስት ወር አይጠብቅም። የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ እኔን አሥር ደቂቃ ያህል አናገረኝና «ሃይፐር ነው፣ ትኩረት የለውም» ብሎ ጻፈልኝ። እርሳስ አላስያዘውም። በአንድ እግሩ አላስቆመውም። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ትምህርት ቤቱ ምን አለ? «ክብ ማኅተም የለውም።» ተመለስኩ፣ አስመታሁ፣ መለስኩላቸው። ፋይሉ ውስጥ ከተቱት። ማንም አላነበበውም፣ ምክንያቱም ባቢ ከዚያም በኋላ እዚያው ከኋላ ወንበር ነው የተቀመጠው።

መልሱ የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። እናቴን ጉልበቷን አሟት ፊዚዮቴራፒ ትመላለስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባቢን ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው እናቴን እያሠራ በጎን ልጁን ያያል። ሲጨርስ ኳስ ወረወረለት፣ ባቢ በደረቱ አቀፋት። በአንድ እግሩ ቁም አለው፣ ሦስት እንኳ ሳይቆጥር ወደቀ። ቁልፍ አስቆለፈው። ከዚያ እርሳስ ሰጠው። ባቢ እንደ መዶሻ ጨበጠው፣ ጣቶቹ እስኪነጡ ተጫነው፣ ምላሱን አወጣ፣ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ።

«እህቴ፣ ይህ ልጅ ባለጌ አይደለም» አለኝ። «ጽሕፈት በጣት ብቻ አይደለም። ወገብ ካልጸና ትከሻ አይረጋም፣ ትከሻ ካልረጋ እጅ አይታዘዝም። እሱ ወንበር ላይ ቀና ብሎ ለመቀመጥ ብቻ ጉልበቱን ይጨርሳል። መምህሩ የሚናገረውን የሚሰማበት ምን ይተርፈዋል?» ሽንት ቤት የሚለው፣ የሚነካካው፣ የሚወድቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ከወንበሩ የወደቀው ስለወደቀ ነው። ልጆቹ ሲስቁ አብሮ የሳቀው ደግሞ እንዳያፍር ነው።

የችግሩን ስም የነገረኝም እሱ ነው። የእንቅስቃሴ ቅንጅት እድገት ችግር ይባላል። የአእምሮ ዝግመት አይደለም፣ ስንፍና አይደለም። አእምሮ ያቀደውን እንቅስቃሴ ሰውነት በቀላሉ አይለምደውም። ከመቶ ልጆች 5 ወይም 6 ላይ ይታያል። አስቡት፣ 50 ልጅ ባለበት ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ማለት ነው። የትኩረት ችግርም ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል፣ ስለዚህ የክሊኒኩ ሐኪም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ግማሹን ብቻ አይቶ ማኅተም መታበት ነው የምለው።

የሠራነውን ልንገራችሁ። ግልበጣውን አቆምኩ። ትምህርት ቤቱ «ወደኋላ ይቀራል» አለኝ፣ እምቢ አልኩ። በቀን 15 ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ነገር ብቻ። ባለሙያው ያስተማረን አራት እርምጃ ነው፤ ምን ላድርግ? እንዴት ላድርገው? አድርገው። ሠራ ወይ? መላውን የሚያመጣው ልጁ ራሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የጭረቷን ነገር እንዲህ ፈታት፤ ሁለት መስመር መሀል ቀይ መስመር አሰመረና «ቡ ቀዩን ይነካል፣ ቢ መሬት ይነካል» አለ። በራሱ አፍ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ቡና» ቡና ሆነ።

እግሩ ይንጠለጠል ስለነበር የእናቴን ዱካ ከእግሩ ሥር አደረግኩለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ለውጡን ግን በዚያው ሳምንት አየሁት። እርሳሱን ለሁለት ቆረጥኩት፤ አጭር እርሳስ በጡጫ ለመያዝ አይመችም። እናቴ ደግሞ በራሷ መንገድ ያዘችው። ቡና ስትለቅም አብሮ ይለቅማል፣ ባቄላ ይፈለፍላል፣ የዳቦ ሊጥ ያሻል። ቅልብልቦሽ አስተማረችው። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ መሬት ያለችውን አንስቶ የወረወራትን መቅለብ፣ ዓይንና እጅ ከዚህ የበለጠ በምን ይሠራል? መጀመሪያ በሁለት እጁ ነበር የሚቀልበው። አልከለከለችውም። «እሱም ቅልብ ነው» ትለው ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ የፊት ወንበር፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ የቃል ጽሕፈት ላይ ከተጠራጠሩ በአፉ እንዲጠይቁት። ሁለቱን ፈቀዱ። ተጨማሪ ጊዜውን «ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም» አሉኝ። መነጽር ያደረገ ልጅም ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ መልስ አላገኘሁም። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ቀየርኩ።

አሁን የራሴን ልናገር፣ የማይስማማ አይስማማ። ኬጂ ስትመርጡ መጀመሪያ ግቢውን እዩ። የሦስት ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ ፊደል ጽፎ መምጣቱ የትምህርት ቤቱ ጥራት ምልክት አይደለም። ዎከር አትግዙ፣ ከሰጧችሁም አትጠቀሙበት። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡን ከልክላለች፤ ዎከር ልጅን ይዞ ከደረጃ ላይ ይወድቃል፣ መራመድንም አያፋጥንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መዳህን ከእድገት መከታተያ ዝርዝሩ አውጥቶታል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ የማይድሁ ጤነኛ ልጆች አሉ። እኔ ግን አሁንም ስለ መዳህ ጠይቁ እላለሁ፤ ካልዳኸ ታሟል ለማለት ሳይሆን፣ ልጁ ወለል ላይ ጊዜ ያገኛል ወይ የሚለውን ስለሚያሳያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ገና በራሱ መንቀሳቀስ ካልጀመረ፣ ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ይመክራል፣ ስክሪን ደግሞ ጭራሽ አይፈቅድም።

ደግሞ ተጠንቀቁ። ችግሩን ስናገር አንዷ ወዳጄ «መዳህ ስለዘለለ ነው፣ መልሰሽ አስዳኺው፣ አእምሮው ይስተካከላል» ብላ ገንዘብ የሚያስከፍል ቦታ ጠቆመችኝ። አልሄድኩም። ትልቅ ልጅን ደጋግሞ በማስዳህ አእምሮን እናስተካክላለን የሚለውን ዘዴ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ማስረጃ የለውም ብሎ ጽፎበታል። ጽሕፈት ያስቸገረው ልጅ ጽሕፈትን፣ ጫማ ማሰር ያስቸገረው ጫማ ማሰርን በትንሽ በትንሹ እያደረገ ነው የሚለምደው። እኛ ያየነው ይህን ነው።

ባቢ አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፉ ዛሬም አያምርም፣ ግን ይነበባል። ኳስ ይጫወታል፣ ሁልጊዜ በረኛ ነው። ባለፈው ወር ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ምን እንደምል በደንብ ሳላስብ። «ያኔ በጣም አስቸግሬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ላጲሱን ስለደበቅሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ማቀዝቀዣው ላይ ነበር እኮ» አለኝ፣ «አይቼዋለሁ። ግን አልደርስበትም ነበር።»