ሺንቹ ውስጥ የራውተር ቺፕ ስንሸጥ የተማርኩት

ወደ ታይዋን የመጣሁት ለማስተርስ ነበር። ትምህርቱን እንደጨረስኩ ሺንቹ ከተማ ያለ አንድ አነስተኛ የቺፕ ዲዛይን ድርጅት ቀጠረኝ። ቺፑን የሚነድፉት ሌሎች ናቸው። እኔ ቺፑ የተገጠመበትን የናሙና ቦርድ ይዤ ራውተር አምራቾች ጋ እሄዳለሁ፣ አልሠራ ሲላቸው ችግሩን ፈልጌ አገኛለሁ፣ ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ። የቤት ዋይፋይ ገበያ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ ያየሁት በዚህ ሥራ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ታይዋኖች ሁሉ ነገር የተመቻቸላቸው ይመስላል። የሺንቹ ሳይንስ ፓርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የዋይፋይ ቺፕ የሚነድፉት ሪልቴክ በ1987፣ ሚዲያቴክ በ1997 የተመሠረቱት እዚሁ ነው። ሌሎች የነደፉትን ቺፕ የሚያመርተው ግዙፉ ቲኤስኤምሲም ጎረቤት ነው። እኔም ስመጣ ፋብሪካው ደጃቸው ላይ ነው፣ ማን ይችላቸዋል ብዬ ነበር። ግን ቲኤስኤምሲ ለአሜሪካኖቹ የቺፕ ድርጅቶች ለብሮድኮምም ለኳልኮምም ያመርታል። ተፎካካሪህ አንተ በቆምክበት ወረፋ ላይ ነው ያለው፣ ያውም ካንተ የበለጠ ብዛት እያዘዘ። በ2021 እንደታየው ዓይነት የቺፕ እጥረት ሲመጣ ትንሽ የሚያዝ ሰው ቅርብ መሆኑ ብዙም አይጠቅመውም።

ገበያው ራሱ ርኅራኄ የለውም። ኳልኮም በ2011 አቴሮስ የተባለውን የዋይፋይ ቺፕ ድርጅት በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፣ በዚያው ዓመት ሚዲያቴክ ሌላውን የዋይፋይ ቺፕ ድርጅት ራሊንክን ጠቀለለ። ኢንቴል እንኳን የቤት ጌትዌይ (ቤትን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ) ቺፕ ክፍሉን በ2020 ማክስሊኒየር ለተባለ ሌላ የቺፕ ድርጅት በ150 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወጥቷል። ከላይ አሜሪካኖቹ በጥራት ይዘውታል፣ ከታች የቻይና ቺፖች ዋጋ እየሰበሩ ይመጣሉ። መሀል ላይ ያለነው እኛ ነን።

አንድ ራውተር አምራች ለቴሌኮም ጨረታ አዲስ ሞዴል እያዘጋጀ ነበር። ቺፓችንን አቀረብን። ዋጋችን ከአሜሪካኑ ቺፕ ያንስ ነበር፣ ላብራቶሪያችን (ላብ) ውስጥ ስንለካው ደግሞ ፍጥነቱ እኩል ነው። ተደሰትን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደንበኛው እውነተኛ ቤት ውስጥ ሞክሮት መልስ ላከ፦ ቪዲዮ ይቆማል፣ አንፈልገውም።

እኛ ላብ ስንሞክረው ደግሞ ምንም ችግር የለውም። ደጋግመን ለካን፣ ንጹህ ነው። ግራ ሲገባኝ ራውተሩን ቤት ይዤው ሄድኩ። ያኔ አምስት ሆነን ተከራይተን ነበር የምንኖረው፣ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ነው። እሑድ ቀን ከእናቴ ጋር በቪዲዮ እያወራን ምስሏ ደረቀ። "ልጄ፣ ጠፋህብኝ እኮ" ትላለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ዞር ስል አንዱ የቤት ጓደኛዬ ኩሽና ቆሞ በአሮጌ ስልክ ኳስ ያያል። ወደ ሳሎን ሲመለስ የእናቴ ምስል ተስተካከለ። "እስቲ ተመለስ" አልኩት። ኩሽና ገባ፣ እንደገና ደረቀች። አራት ጊዜ አመላለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋይፋይ አየር አንድ ነው፣ ሁሉም በተራ ነው የሚጠቀምበት። ራቅ ያለ ስልክ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ያንኑ ያህል ዳታ ለመቀበል ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። የእኛ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ተራውን የሚያካፍለው በፓኬት (በዳታ ቁራጭ) ቁጥር እንጂ በጊዜ አልነበረም። ባንክ ወረፋ ላይ አንድ ሰው ሳንቲም በሳንቲም እያስቆጠረ ሲያስገባ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚቆመው ማለት ነው። ላብ ውስጥ ኩሽና የለም፣ አሮጌ ስልክም የለም፣ ስለዚህ በጭራሽ አናየውም ነበር። ተፎካካሪው ይህንን በሶፍትዌር ከፈታው ቆይቷል።

የድራይቨር ቡድኑ ክፍፍሉን በጊዜ እንዲሆን አድርጎ ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ቺፑ ላይ አንዲት ነገር አልተነካችም። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ጨረታ ልናጣ የደረስነው በደህና ቺፕ ነው። ብዙ ቦታ እንዳየሁት ሃርድዌር ላይ ደርዘን ሰው ይመደባል፣ ሶፍትዌሩ ግን ከቺፑ ጋር በምርቃት የሚሰጥ ነገር ተደርጎ ይታያል። ጣጣው ደግሞ ብዙ ነው። በ2021 በሪልቴክ የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ ቢያንስ የ65 አምራቾችን ዕቃ ነክቷል። በተቃራኒው የሚዲያቴክ ዋይፋይ ሊኑክስ ለተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር አለው፣ ማንም ያየዋል፣ ማንም ያርመዋል። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ በ2024 የራሱን ራውተር ሲያወጣ የመረጠው የሚዲያቴክን ቺፕ ነው። እንዲህ ዓይነት እምነት በዋጋ ቅናሽ አይገዛም።

ለደንበኛው የጻፍኩትም ሪፖርት ብዙ አስተምሮኛል። አለቃዬ "አሻሽለነዋል" ብለን ብቻ እንድንልክ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱ የእኛ እንደነበር፣ የት እንደነበር፣ እንዴት እንዳገኘነው ከነግራፉ አስቀምጬ እንላከው ብዬ ተከራከርኩ፣ እሱም ተስማማ። የደንበኛው ኢንጂነር በዚያው ማታ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚጽፈው።

ጨረታውን በግማሽ አገኘነው። መካከለኛው ሞዴል በእኛ ቺፕ ወጣ፣ ውዱ ሞዴል ግን አሁንም በአሜሪካኑ ነው። ያንን አሮጌ ስልክ ከጓደኛዬ ገዛሁት። አሁን የዋይፋይ 7 ናሙና ቦርድ ሲደርሰኝ ላብ ከመውሰዴ በፊት ሳሎኔ ውስጥ እሰካዋለሁ፣ ስልኩን ኩሽና አስቀምጬ ኳስ እከፍትበታለሁ፣ ከዚያ ለእናቴ እደውላለሁ።