«ይመስገን» ብዬ የደበቅኩት ጠጠር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። አንዷ ድንገት «ቆይ ግን፣ ሐሞትሽን ጀርመን አውጥተውልሽ የለ? ታዲያ ኋላ የተገኘብሽ የሐሞት ጠጠር ከየት መጣ?» አለችኝ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ፈረንጅ አገር ታክሞም ጠጠር ይቀራል እንዴ?» አለች። ከልባቸው ነው የጠየቁት። በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ልጻፈው።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከእኔ የወጣው የሐሞት ከረጢት ጎተራ ነው፤ ያጠራቅምና ቅባት ስንበላ ይለቃል። ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው ቦይ ግን ሌላ ነው። ጎተራው ቢፈርስም ቦዩ አለ። ከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጠጠር ተንከባሎ ቦዩ ውስጥ ከገባ፣ ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ተደብቆ ይቀመጣል። የሆድ አልትራሳውንድ ከረጢቱን ደህና አድርጎ ያሳያል፤ ቦዩ ውስጥ ያለውን ግን ሊያልፈው ይችላል። ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ የሚገኘውን ሐኪሞች «የቀረ ጠጠር» ይሉታል። ዘግይቶ የሚመጣው እዚያው ቦዩ ውስጥ አዲስ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጀርመኖቹን አልከስም። እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢትን ሆድ ሳይዘረጥጥ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ኤሪክ ሙሄ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እኔም 4 ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረኝ። መሐል ሜዳ ያለችው እናቴ ግን በስልክ «ሐሞቴን ሊያወጡት ነው» ስላት ዝም አለች። መንዝ ውስጥ «ሐሞት የለውም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። «ምነው ልጄ፣ ሌላ መላ ጠፋ?» ነበር ያለችኝ።

ሁለት ወር ደህና ከረምኩ። ከዚያ ያው ሕመም ተመለሰ። በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድኔ ሥር ይጀምርና ጀርባዬን አልፎ ትከሻዬ ላይ ይወጣል። ከረጢቱ ስለሌለ «ሐሞት ሊሆን አይችልም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰውነቴንም ያሳክከኛል። የማጸዳበት ሆቴል ሳሙና ነው አልኩ። ሲብስብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር የተፈጠረው።

ጀርመንኛዬ ለሥራ እንጂ ለሕመም አይበቃም። አስተርጓሚ የሆነልኝ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማገኘው ዲያቆን ነው። ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ሰው አክባሪ። ሐኪሙ ረጅም ጥያቄ ጠየቀ። ዲያቆኑ ጆሮው ቀላ። ወለሉን እያየ «እህቴ፣ ሆድሽ… ደህና ነው ወይ ይልሻል» አለኝ። ምን እየተጠየቅኩ እንደሆነ ገባኝ። ሽንቴ እንደ ጠላ ከጠቆረ ሳምንት አልፎታል። ሰገራዬ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ አፈር መስሏል። ይህንን ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊቱ ለምቆመው ልጅ እንዴት ብዬ ልናገረው? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

እሱም ተረጎመ። ሐኪሙ «ደህና ናት» ብሎ ጻፈ። ማስታገሻ ሰጠኝ። ጭንቀትና ናፍቆትም ሆድ ያሳምማል አለኝ። እኔ ደግሞ «ይመስገን» ያልኩት ሰላምታ ሲጠይቁኝ እንደምለው ነው። እኛ አገር ሰው አልጋ ላይ ወድቆም «ይመስገን» ይላል። ሰሚው ፊቱን አይቶ ነው እውነቱን የሚያውቀው። ሐኪሙ ግን የሚያየው ኮምፒውተሩን ነበር።

ለገና አገር ቤት ገባሁ። ጀርመን ክረምቱን በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው፤ ዓይኔን ልብ ብሎ ያየው የለም። የመሐል ሜዳ የጠዋት ፀሐይ ግን ምንም አይደብቅም። ደጃፍ ላይ ቆሜ እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ልጄ፣ ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል!» አለች። አክስቴ መጣች፤ ጎረቤት መጣ። ሁሉም በአንድ ቃል «ወፍ ነው» አለ። ከሰዓት በኋላ የወፍ መድኃኒት ተጨምቆ በብርጭቆ ቀረበ።

ስለዚህ ብርጭቆ አንድ ነገር ልበል። አክስቴ የምትወደኝ ናት፤ ያቀረበችውም በፍቅር ነው። ግን ዓይን ቢጫ መሆን ምልክት እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ጉበት ሲታመም ይመጣል፤ የሐሞት ቦይ ሲዘጋም ይመጣል። ቦይ የዘጋን ጠጠር ቅጠል አያወጣውም። የታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ መጨመር ደግሞ ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። አልጠጣሁም። አክስቴ አዘነችብኝ።

የዚያኑ ሌሊት አንቀጠቀጠኝ። ሁለት ባና ደርበውብኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ነጋ አልነጋ ወንድሜ መኪና ፈልጎ በጣርማበር ዞረን ደብረ ብርሃን ገባን።

የተቀበለችኝ ሐኪም ከእኔ ታንሳለች። ጠባሳዎቼን አየች። ዓይኔን ገልጣ አየች። «እህቴ፣ ሽንትሽ ምን ይመስላል? ውሃ ነው ጠላ?» አለችኝ። «ጠላ» አልኳት። «ሰገራሽስ?» «ነጭ አፈር።» አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ሰገራ ቀለሙን ያጣል፤ መውጫ ያጣው ወደ ደም ይመለስና ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ሽንትን ያጠቁራል ብላ በአማርኛ አስረዳችኝ። ሕመም፣ ትኩሳትና የዓይን ቢጫነት አንድ ላይ ሲመጡ ቦዩ መመርቀዙን ሊያሳይ ስለሚችል ለነገ አይባልም አለች። በአልትራሳውንድ ስታየው ቦዩ 13 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ጀርመን ሳለሁ በአፌ ያልወጣው ቃል ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኮራሁባት። አሁንም እኮራባታለሁ።

በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀምሮልኝ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ኢአርሲፒ የሚባለውን ሠሩልኝ። ሆድ አይከፈትም። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ እስከ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። የቦዩን አፍ ትንሽ ሰፋ ያደርጉና ጠጠሩን በፊኛ ጎትተው ያወጡታል። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሽምብራ ያህላል። ሕክምናው ቆሽትን ሊያስቆጣ ስለሚችል አሳደሩኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ጠራ። ማሳከኩም ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

ልትሰደዱ የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ደመወዙ የሚመክራችሁ ሞልቷል። እኔ የምላችሁ ከ«እንደምን አደራችሁ» ቀጥሎ የሰውነታችሁን ቃላት በዚያ አገር ቋንቋ አጥኑ ነው። ሽንት፣ ሰገራ፣ ማሳከክ፣ ቢጫ፣ ብርድ ብርድ ማለት። የምታፍሩትን ሰው ለአስተርጓሚነት አትውሰዱ፤ ሌላ ካጣችሁ በወረቀት ጻፉት። ከረጢታችሁ ከወጣ በኋላ ያው ሕመም ከተመለሰ «ቦዩስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በአልትራሳውንድ ካልታየ ኤምአርአይ የሚባል ሌላ የምስል ምርመራ አለ። ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ። የእኔ ሻንጣዬ ውስጥ ስለነበረ ነው አዲስ አበባ ላይ ሁሉም የፈጠነልኝ።

ጀርመን ስመለስ ለዲያቆኑ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እንዳይሰማው ተጠንቅቄ ነበር። ትንሽ ዝም አለና «እህቴ፣ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሐኪሙ ስለ ቀለሙ ነበር የጠየቀው። እኔም ማለት አፍሬ ነው ሆድሽ ደህና ነው ወይ ያልኩሽ» አለኝ። ለካ ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን አክብረን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠን ቃላቱን በሁለት ቋንቋ ጻፍናቸው። አሁን አዲስ ለሚመጡ ልጆች አባዝቶ ይሰጣል።

እናቴም ብትሆን የስልክ ሰላምታዋ ተለውጧል። «ደህና ነሽ?» ትለኛለች። «ይመስገን እማዬ» እላለሁ። «እሱንስ ተዪው፤ ሽንትሽ ምን ይመስላል?» ትለኛለች። እነግራታለሁ።