አስታ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የባሌ ተራሮችን የዕፅዋት ማኅበረሰቦች እንዴት እንደለየሁ

ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ የዕፅዋት ባለሙያ ባይሆንም የምደባውን ግማሽ ሥራ ከመኪና መስኮት ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ ጽድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አስታ የሚባለው ደቃቅ ቅጠል ያለው የደጋ ተክል፣ ከዚያም ጅብራ ብቻውን ቀና ብሎ የሚታይበት ዛፍ አልባ ምድር ይመጣል። በደቡብ በኩል ሲወርዱ እንደገና አስታ፣ ኮሶና ቀርከሃ፣ ታች ሐረና ደን ሲደርሱ ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የዱር ቡና ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ጥያቄ የለም። ሥራው የሚጀምረው «አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት ይጀምራል?» ሲባል ነው።

በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የአገሪቱ የዕፅዋት ካርታ ኢትዮጵያን በ12 ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፍላታል። በዚያ አከፋፈል ይህ ሁሉ መንገድ የሚያልፈው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ ደረቁ የደጋ ደን፣ እርጥቡ የደጋ ደን፣ የአስታ ቀበቶ (አስታ የሚበዛበት የከፍታ እርከን) እና ከዚያ በላይ ያለው የውርጩ ምድር። ለአገር የተሰፋ ልብስ ግን ለአንድ ተዳፋት ከልክ በላይ ሰፊ ነው። እኔ የፈለግሁት በአስታ ቀበቶ ውስጥ ስንት ዓይነት አስታ፣ በደጋው ደን ውስጥ ስንት ዓይነት ደን እንዳለ ማወቅ ነበር።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ የናሙና ቦታ እይዛለሁ። በደን ውስጥ ስፋቱ 20 በ20 ሜትር ነው፤ ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል ደግሞ በውስጡ ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን አሰምራለሁ። ከፍታውን፣ የተዳፋቱን ዘንበልታ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያይና የአፈሩን እርጥበት ከዝርዝሩ በፊት እመዘግባለሁ። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዕፅዋቱን አስቀድሞ የጻፈ ሰው የመኖሪያ ቦታውን ሁኔታ ከዕፅዋቱ ወደ መገመት ያዘነብላል፤ ያኔ ሁለቱን ማነጻጸር ትርጉም ያጣል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዝርያ የሚሸፍነውን መሬት ገምቼ ስዊዘርላንዳዊው ብራውን ብላንኬ ባወጣው መለኪያ ቁጥር እሰጠዋለሁ፦ ከ5 በመቶ በታች 1፣ እስከ 25 በመቶ 2፣ እስከ 50 በመቶ 3፣ እስከ 75 በመቶ 4፣ ከዚያ በላይ 5። ለምን ሽፋን? ለምን አይቆጠርም? በኮሶ ጫካ ውስጥ ቆሞ ማየት ብቻ መልሱን ይሰጣል። በአንዱ የናሙና ቦታዬ ላይ የቆሙት ኮሶዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ሥራቸው የበቀለው ሣር ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ነገር ግን ብርሃኑን የሚያከፋፍሉት፣ ቅጠላቸውን አራግፈው አፈሩን የሚያለብሱት፣ እርጥበቱን የሚይዙት እነዚያ ጥቂት ዛፎች ናቸው። ገናና የሚባለው ዝርያ ቦታውን ለሌሎቹ የሚያመቻች ወይም የሚነሳ እንጂ ብዛት ያለው አይደለም። ሽፋኑም በየደርቡ ለየብቻ ሊገመት ይገባል፤ ላይ ኮሶ፣ መካከል አሜጃ፣ ታች ሣር። ድምሩ ከመቶ በላይ ቢሆን አያስደነግጥም።

ያው የኮሶ ቦታ ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ግንዶቹ ሁሉ ወፍራምና ያረጁ ነበሩ፤ ከሥራቸው ጎንበስ ብዬ ብፈልግ አንዲት የኮሶ ችግኝ አላገኘሁም። ኮሶ ብርሃን ወዳድ ነው፤ በራሱ ጥላ ሥር እምብዛም አያድግም፤ ከብት ሲጨመርበትማ ተስፋው ይመነምናል። ለማኅበረሰቡ ስሙን የሰጠሁት ዛሬ በቆመው ዛፍ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ለችግኞች የተለየ ዓምድ ከፈትኩ። ይህ ዓምድ የሌለው ምደባ ያለፈውን ዘመን ደን ይገልጻል እንጂ የሚመጣውን አይነግርም።

በሰሜን በኩል ያለው የጋይሳይ ሜዳ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ሣር ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ውኃ የሚተኛበት ረባዳ በቄጠማ ተይዟል፣ በጥቂት እርምጃ ከፍ ሲሉ ሣሩ ይመጣል፣ ውኃው በሚጠነፈፍበት ዳገት ላይ ጭቁኝ ሽታውን ይዞ ይቀበላል። እንዲህ ባለ ቦታ 20 ሜትር ገመድ መዘርጋት ሦስቱን ማኅበረሰብ ጨፍልቆ በምድር ላይ የሌለ አራተኛ መፍጠር ነው። የናሙና ቦታ በውስጡ ወጥ መሆን አለበት። ድንበርን ማጥናት የፈለገ ድንበሩን አቋርጦ በተከታታይ ትንንሽ ናሙናዎች ይሂድ።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዝርዝሩን ሲያስገቡለት የሚመሳሰሉትን ቦታዎች እያቧደነ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ሥዕል ያወጣል፤ ቅርንጫፉን የት ላይ መቁረጥ እንዳለበት ግን የሚወስነው ሰው ነው። ዝቅ አድርገው ከቆረጡት ማኅበረሰቡ ይበዛል፣ ከፍ ካደረጉት ሁሉም ይዋጣል። እኔ ራሴ ያወጣሁት ሕግ ነበረኝ፦ ቡድኑን መሬት ላይ ቆሜ ኦቦ እያልኩ ለምጠራቸው መንገድ መሪዬ በጣቴ ማሳየት ካልቻልኩ ቡድን አይደለም። እሳቸው አንዱን ከሌላው የሚለዩት በከብት መኖ፣ በማገዶና በንብ ቀሰም ነው፤ ከእኔ ሠንጠረዥ ጋር የሚገጥመው ልየታቸው ከማይገጥመው ይበልጣል።

ያልተግባባነው ከኮምፒውተሩ ጋር ነበር፤ በአስታ ጉዳይ። አስታ 4 ወይም 5 ያገኘባቸውን ቦታዎች በሙሉ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል ብዬ ስጠብቅ ለሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያው ቡድን ረጅሙ አስታ ነው፤ ግንዱ ጠማማ፣ ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለ፣ መሬቱ እንደ ፍራሽ የሚረገጥ፣ ጥላ ወዳድ ቅጠሎች የበዙበት። ሁለተኛው በዚያው ከፍታ ላይ ያለ፣ ከሰው ቁመት የማያልፍ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። የአንዱን ሥር አፈር ጠርጌ ሳየው ከአንድ ያበጠ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ወጥተዋል፤ የጉቶው ቅርፊት ከስሏል፣ ጣቴንም አጠቆረው። አስታ ሲቃጠል ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እረኞችም ግጦሽ ለማግኘት ያቃጥሉታል። ሦስተኛው ከአምባው አፋፍ ላይ፣ ሄሊክሪሰም ከተባለ ብርማ ቅጠል ካለው ቁጥቋጦ ጋር ተቀላቅሎ በደሴት በደሴት የቆመው አጭር አስታ ነው። ሦስቱን የለያቸው ገናናው ዝርያ አልነበረም፤ ከሥሩ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ለሦስቱም እኩል ቦታ ሰጥቷል፤ እኔ አልሰጠሁም። የአፋፉ አስታ ነፋሱም፣ የሌሊቱ ውርጭም፣ ስስ አፈሩም የተለየ ስለሆነ የራሱ ማኅበረሰብ ነው ብዬ «አስታ-ሄሊክሪሰም» የሚል ስም ሰጠሁት። የተቃጠለው ግን የመኖሪያ ቦታው ከረጅሙ አስታ ጋር አንድ ነው፤ ከፍታው፣ ዘንበልታው፣ አፈሩም ያው ነው። የተለየው ከእሳቱ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ከረጅሙ አስታ ጋር በአንድ ቀለም ቀባሁትና በሰያፍ መስመር ለየሁት፤ መንገድ መሪዬ የሚያስታውሱትን የቃጠሎ ዘመንም በየቦታው ጻፍኩበት። እሳቱ ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ረጅም አስታ ዳግም እንዳይቆም ካደረገ ግን ሰያፉ መስመር ወደ ራሱ ቀለም መለወጡ አይቀርም፤ ለዚህም የናሙና ቦታዎቹን ጥግ ሁሉ በጂፒኤስ መዝግቤ ትቻለሁ።