ሩጪ ስትለኝ ሮጥኩ

የእህቴ ልጅ ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የምትሠራው አንድ የሕንድ ቤተሰብ ቤት ነው። እዚያ ቤት የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው። ከሐይቅ ስትነሳ «አብሽሪ፣ ለእንግሊዝኛው እኔ አለሁልሽ» ብዬ ሸኘኋት። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው፤ አያሳፍረኝም ብዬ ነበር።

በገባች በሳምንቱ በኢሞ ድምፅ ላከችልኝ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ጋሼ፣ ማዳም ‹ረን ዘ ባዝ› አለችኝ። ረን ሩጫ አይደል እንዴ? ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጥኩ። ደርሼ ቆምኩ። ተከትላኝ መጣች። እኔን አየችኝ፣ ገንዳውን አየችው። ወላሂ እኔም የማየው ጠፋኝ።»

ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ መለስኩላት። ቧንቧውን ክፈቺው፣ ገንዳው ይሙላ ማለቷ ነው አልኳት። በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የሕፃኑ አፍንጫ «ረን» አደረገ። ከዚያ ቀዩን ፎጣ ከነጩ ሸሚዝ ጋር እንዳታጥቢ፣ ቀለሙ «ረን» ያደርጋል ተባለች። ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን «ረን» አድርጊው። ሐሙስ ደግሞ ወተቱ «ረን አውት» አለ። «ወጥቶ ሮጠ ነው የምትለኝ?» አለችኝ። አልቋል፣ ሌላ ይገዛ ማለት ነው። እኔም በየቀኑ ስልኬን ከፍቼ የረንን መልስ መስጠት ሥራዬ ሆነ።

የባሰው የመጣው ከክሪኬት ጋር ነው፤ በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ሕንዶች ቤት ክሪኬት ከተከፈተ ምሳም ይዘገያል አሉ። «ጋሼ፣ ሰውየው ኳሱን መታና ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ! ኳሱ ሜዳውን አልፎ ሄደ። ስድስት ረን ተባለለት። አንድ እርምጃ አልሮጠም እኮ።» እውነቷን ነው። በክሪኬት ነጥቡ ራሱ ረን ይባላል። ሁለቱ መቺዎች ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ አንድ ረን ይቆጠርላቸዋል። ኳሱ መሬት ነክቶ ድንበሩን ካለፈ ግን አራት፣ ሳይነካ ካለፈ ስድስት ይመዘገባል። ሳይሮጡ ሩጫ። ይህን ለማስረዳት ሦስት የድምፅ መልእክት ፈጀሁ። መጨረሻ ላይ «እሺ» አለችኝ፤ እሺታዋ ግን የተረዳ ሰው እሺታ አልነበረም።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ «ረን፣ ሮጠ» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። አንድ ተማሪ «ሆቴል ያስተዳድራል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «ሆቴል ይሮጣል» ብሎ ቢተረጉምልኝ ክፍሉን በሙሉ አስቄበት ነበር። ልጁ እኮ ያስተማርኩትን ነው የመለሰልኝ።

ለነገሩ መዝገበ ቃላት አዘጋጆቹም አልቀለላቸውም። በትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የረን ግሥ ብቻውን 645 ፍቺ አለው። ቃሉን የሠራው ፒተር ጊሊቨር የሚባል አዘጋጅ 9 ወር ፈጅቶበታል። ለአንድ ቃል! እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው እትም ረን እንኳ በፍቺ ብዛት አንደኛ አልነበረም። አንደኛው «ሴት» ነበር፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት የሚለው ቃል ማለቴ ነው። በኛ ፊደል ስጽፈው ወይዘሮ ይሆንብኛል፣ ምን ላድርግ።

አማርኛ እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱን ቃል ይሰጣል። የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ መቀሌ መንገዱ ይሄዳል። አፍንጫ ይፈሳል፣ ቀለም ይለቃል፣ ሞተር ይሠራል፣ ወተት ያልቃል። በእንግሊዝኛ ይህ ሁሉ ረን ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚመጣው የቧንቧ ውሃም «የሚሮጥ ውሃ» ነው። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሩጫውን ብዙም አላየሁትም።

ይህን እያልኩ ለእህቴ ስፎክርላት ነበር። ለሰኞ ገበያ ደሴ መጥታ እኔ ዘንድ ቡና እያፈላች ነው። ቶናውን እየቀዳች ሰማችኝና «ምኑ ነው የሚገርመው?» አለች። «ስልኬ ካርድ በላብኝ ስትል አልነበረም? ባጃጅህ ነዳጅ ይበላል። ጋቢዬን ብል በላው። ሰብሳቢው የዕቁቡን ብር በላ። መዳፌን ሲበላኝ ብር ላገኝ ነው። ከነዚህ ውስጥ እንጀራ የቀመሰ አለ?»

ስኒዬን ተቀብዬ ዝም አልኩ። እህቴ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ለአንድ ፈረንጅ «እጄን በላኝ» የሚለውን ላስረዳ ብዬ በሐሳቤ ጀመርኩና ተውኩት። ምስኪኑ ሐኪም ይጠራልኛል።

ከሁሉ ያስገረመችኝ ግን ልጅቷ ናት። ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል፣ እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ እኔ ሩጫ የሚለውን ትቼዋለሁ። ፈሰሰ ብዬ ነው የምይዘው። ውሃው ይፈሳል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ቀለሙ ይፈሳል። ወተቱም ፈሶ አለቀ በለው። እንደሱ ሳስበው አይጠፋብኝም። ያልገባልኝ የክሪኬቱ ብቻ ነው።»

እስቲ ላጣራ ብዬ የቃሉን ሥር ፍለጋ ገባሁ። በጥንቱ እንግሊዝኛና በሰሜን አውሮፓ በነበረው የኖርስ ቋንቋ ቃሉ መሮጥም መፍሰስም ነበር። የጀርመንኛው ዘመዱ «ሪነን» እስከ ዛሬ መፍሰስ ነው። እኔ በኮሌጅ ተምሬ ያላየሁትን እሷ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ደረሰችበት። ነገርኳት። «እና ለተማሪዎችህ ንገራቸዋ» አለችኝ። ነገርኳቸው። ያንን ያሳቅሁበትን ልጅ ግን ከየት አመጣዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሌላ ድምፅ መጣ። አሁን በሹክሹክታ አይደለም የምታወራው።

«ጋሼ፣ ማዳም እንግዶች ፊት ስለ እኔ ‹ሺ ረንስ ዚስ ሃውስ› አለች። ቤቱን የምታስኬደው እሷ ናት ማለቷ ነው። ትርጉሙን ልጠይቅህ አይደለም፣ ገብቶኛል። ‹ደሞዝ ጨምሪልኝ› በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?»